ትዊን ፒክስ፦ አገር ተቀብሎ መልሱን ያልነገረን እንቆቅልሽ

ሌሊት ነው። አንድ ሰው ከአንድ ቤት ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ አንዲት ሴት አለች። ሰውየው ጥቂት ወደፊት ይራመድና ግራ በገባው ድምፅ ዘመኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ቀና ብላ ቤቱን ታያለች። ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ የእናት ድምፅ «ሎራ» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ሴትዮዋ ትጮኻለች። የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም ይላል፤ ስክሪኑም ይጨልማል።

ሎራ ፓልመር የምትባል ወጣት መገደል የሚመረመርበት «ትዊን ፒክስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2017 እንዲህ አለቀ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከማርክ ፍሮስት ጋር ሆኖ የፈጠረው ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች በጃንዋሪ 2025 ስላረፈ፣ እሱ የሚሠራው ሌላ ምዕራፍ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ቀርቷል። እንቆቅልሽ ጠያቂ «አገር ስጠኝ» ብሎ አገሩን ከተቀበለ መልሱን የመናገር ዕዳ አለበት። ይህ ድራማ ግን በ48 ክፍልና በአንድ ፊልም አገር ሲቀበል ቆይቶ መልሱን ሳይነግረን ሄደ። ክፍተቱን የሞሉት አድናቂዎች ናቸው። መላምታቸው ብዙ ነው፤ ውሃ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። ድራማውን ያላየ ሰው ንባቡን እዚህ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ከዚህ በኋላ ገዳዩም ፍጻሜውም ይነሳል። ይታይ ወይስ አይታይ ብቻ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ይታይ፣ በጥሞና ይታይ።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን እናስተካክል፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው በኋላ የሚሰማውን መላምት ሁሉ አጣሞ ነው የሚረዳው። ድራማው በወጣበት ቅደም ተከተል ይታያል። በ1990 እና በ1991 በኤቢሲ ቴሌቪዥን የተላለፉት 30 ክፍሎች ይቀድማሉ፤ 8ቱ የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ 22ቱ የሁለተኛው ናቸው። ቀጥሎ በ1992 የወጣው «ፋየር ዎክ ዊዝ ሚ» ፊልም ይመጣል። ከዚያ ከፊልሙ ተቆርጠው የቀሩት ትዕይንቶች አሉ፤ 90 ደቂቃ ያህል ናቸው፤ በ2014 «ዘ ሚሲንግ ፒስስ» በሚል ስም ወጥተዋል። በመጨረሻ በ2017 በሾውታይም የተላለፉት 18 ክፍሎች። ፊልሙ በአመዛኙ የሎራ ፓልመርን የመጨረሻ ቀናት ስለሚተርክ «በጊዜ ቅደም ተከተል የሚቀድመው እሱ ነው» ብለው ከፊልሙ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ድራማው ገዳዩን እስከ ኖቬምበር 10 ቀን 1990፣ ማለትም እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ 7ኛ ክፍል ድረስ ደብቆ ያቆየዋል፤ ፊልሙ ግን አይደብቀውም።

ሌላው ወጥመድ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ቅጂ ያለው መሆኑ ነው። ከአሜሪካ ውጭ እንዲሸጥ ተብሎ መጨረሻው ላይ ተጨማሪ ትዕይንት የተቀረጸለት ዓለም አቀፍ ቅጂ አለ፤ በዚህኛው ወንጀለኛው ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ይገደልና ታሪኩ ይዘጋል፤ ወዲያው 25 ዓመት ዘልሎ ቀይ መጋረጃ ያለው ክፍል ይታያል። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ሰው በዚያ ቀይ ክፍል ውስጥ ሲደንስ ካያችሁ የያዛችሁት የተሳሳተውን ቅጂ ነው። ይህ ትዕይንት በድራማው ውስጥ ቦታው የመጀመሪያውን ጨምሮ ሲቆጠር በሦስተኛው ክፍል፣ ግድያውን በሚመረምረው በኤፍቢአይ ወኪል በዴል ኩፐር ሕልም ውስጥ ነው። በዲስክ መያዝ ለሚፈልግ በዲሴምበር 2019 የወጣው «ፍሮም ዚ ቱ ኤ» የተባለው ሳጥን 21 ዲስኮች አሉት፤ ሁለቱንም ቅጂዎች፣ ፊልሙንና የተቆረጡትን ትዕይንቶች አንድ ላይ ይዟል። የታተመው ግን 25,000 ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ምዕራፍ በቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ብቻ ማየት አይመከርም። የድምፅ ንድፉን የሠራው ራሱ ሊንች ነው፤ ፍንጮቹም ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ውስጥ ናቸው። በጆሮ ማዳመጫ ይታይ። ቴሌቪዥኑ ወይም የማጫወቻው መተግበሪያ ድምፅ የሚያመጣጥን ማስተካከያ ካለው ይጥፋ፤ ይህ ማስተካከያ ዝቅተኛውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍተኛውን ዝቅ ስለሚያደርግ ከመብራት ሽቦ የሚወጣው እምምታና ፍጹም ዝምታው አንድ ይሆናሉ። ልዩነቱ ደግሞ ትርጉም አለው።

አንዱን ፍንጭ ጠጋ ብለን እንየው። በ2017ቱ ክፍል 1 መክፈቻ ላይ በጣም ረጅም የሆነ ሰው (በኋላ ስሙ ፋየርማን እንደሆነ እንሰማለን) ከኩፐር ጋር ተቀምጦ የድሮ ግራሞፎን ያሳየውና ድምፆቹን አዳምጥ ይለዋል። ከግራሞፎኑ የሚወጣው ሙዚቃ አይደለም፤ ነቀዝ ደረቅ እንጨት ሲፍቅ የሚመስል አጭር ክርክርታ ነው። ረጅሙ ሰው 430 የሚለውን ቁጥር፣ ሪቻርድና ሊንዳ የሚሉትን ስሞች አስታውስ ይለዋል፤ በአንድ ድንጋይ ስለሚመቱ ሁለት ወፎችም ይናገራል። ከዚያ ታሪኩ ለ16 ክፍል ሌላ ቦታ ይውላል። ክፍል 17 ላይ ኩፐር ወደ ኋላ፣ ሎራ ወደተገደለችበት ሌሊት፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1989 ይመለሳል፤ እጇን ይዞ በጫካው ውስጥ ይመራታል። ድንገት ያ ክርክርታ ይሰማል። ዞር ሲል እጁ ባዶ ነው፤ ከጫካው ጩኸት ብቻ ይመጣል። ፋየርማን ይህን ድምፅ ለኩፐር አስቀድሞ ያሰማው ለምንድን ነው? ሊያስጠነቅቀው ነው ወይስ «ይህን ስትሰማ ሁሉም እንደታቀደው እየሄደ ነው» ሊለው? ስለ ፍጻሜው የሚቀርብ መላምት ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት። የማይመልሰው ገና ከበሩ ወድቋል።

በዚህ ሚዛን ቀድሞ የሚወድቀው «ሁሉም ሕልም ነው» የሚለው ነው። ደጋፊዎቹ የሚጠቅሱት ክፍል 17 ላይ የሸሪፉን ቢሮ ሸፍኖ የሚታየውን የኩፐርን ግዙፍ ፊት ነው፤ ያ ፊት የምንኖረው ሕልም ውስጥ ነው ይላል፤ የግድግዳው ሰዓትም 2:53 ላይ ለመድረስ እየታገለ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማስረጃው ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ሁሉን የሚገልጽ መላምት ምንም አይገልጽም። ሕልም ከሆነ ለምን 2:53 ሆነ? በሌላ ሰዓት ቢሆንስ ምን ይጎድል ነበር? ድራማው ግን ቁጥሩን በከንቱ አላነሳውም። የአየር ኃይል መኮንኑ ሜጀር ብሪግስ ትቶት የሄደው መልእክት መሄጃውን ቦታ በ253 ያርድ፣ ሰዓቱን በ2:53 ነው የወሰነው። ሕልም ነው ማለት ይህን ሁሉ ሥራ መጣል ነው።

ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ ያለው የወጥመዱ መላምት ነው። እንዲህ ይላል፦ ኩፐርና የቀድሞ ጸሐፊው ዳያን 430 ማይል ነድተው የሚሻገሩበት ዓለም ፋየርማን ለጁዲ ያዘጋጀው ወጥመድ ነው። የኩፐር አለቃ ጎርደን ኮል ክፍል 17 ላይ ጁዲ ከጥንት ጀምሮ በሌላ ስም ስትጠራ የኖረች የክፋት ኃይል መሆኗን ይናገራል። በክፍል 8 ደግሞ፣ ጁላይ 16 ቀን 1945 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የኒውክሌር ቦምብ ሲፈነዳ፣ አንድ ነጭ አካል፣ በአባቷ በሌላንድ ላይ አድሮ ሎራን የገደለውን የክፉውን መንፈስ የቦብን ፊት የያዘ ኳስ ሲተፋ እናያለን፤ ለዚያ መልስ ይሆን ዘንድ ፋየርማን የሎራን ፊት የያዘ ወርቃማ ኳስ ወደ ምድር ይልካል። ሎራ የተላከች ከሆነ፣ ኩፐር ሎራን ቁርጥ የምትመስለውን፣ ኬሪ ፔጅ የምትባለውን ሴት ከቴክሳስ ከኦዴሳ አንስቶ እስከ ፓልመር ቤት ደጃፍ ማድረሱ ያንን መልስ ጁዲ ቤት ማስገባቱ ነው። ጩኸቱ መብራቱን ያጠፋዋል። በዚህ ድራማ መንፈሶች የሚመላለሱት በኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት መጥፋቱ ድል ነው ማለት ነው። ሁለቱ ወፎችም ቦታቸውን ያገኛሉ፤ ቦብ በክፍል 17፣ ጁዲ በክፍል 18። የግራሞፎኑም ጥያቄ ተመለሰ፤ ሎራ ከእጁ እንደምትነጠቅ ፋየርማን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

የሚያነክሰው ኩፐር ላይ ሲደርስ ነው። ዕቅዱን የሚያውቅ ሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ዘመኑ ጠፍቶት አይቆምም። የፓልመርን ቤት በር የከፈተችው ሴትዮ ስሟ አሊስ ትሬመንድ መሆኑን፣ ቤቱንም ቻልፎንት ከምትባል ሴት መግዛቷን ትናገራለች። ትሬመንድ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ቻልፎንት በ1992ቱ ፊልም ከመንፈሶቹ ወገን የሆነች አንዲት አሮጊት የተጠራችባቸው ስሞች ናቸው። ወጥመዱን ያጠመደው ፋየርማን ከሆነ የቤቱ ባለቤትነት እንዴት በእነዚያ ወገን ስም ተገኘ? ወጥመዱን ማን ለማን እንዳጠመደው እዚህ ላይ ይምታታል።

«ኩፐር የወጣው እኛ ወዳለንበት እውነተኛ ዓለም ነው» የሚለው መላምት ደግሞ የተነሳው በሩን የከፈተችው ሴትዮ በገሃዱ ዓለምም የዚያ ቤት ባለቤት በመሆኗ ነው። መረጃው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተለውም። ማስረጃው ኬሪ ፔጅ ደጃፍ ላይ ያለው የመብራት ምሰሶ ነው፤ ምስሉን አቁሙና ቁጥሮቹን አንብቡ፦ 324810፣ ከእነሱም ጋር 6። ይህ ምሰሶ በ1992ቱ ፊልም የተጎታች ቤቶች ሰፈር ውስጥ ታይቷል፤ በክፍል 6 ሪቻርድ ሆርን የተባለው ወጣት ሕፃኑን ልጅ በመኪና ገጭቶ በሚገድልበት መስቀለኛ መንገድም አለ። ኦዴሳ የእኛው ዓለም ብትሆን ኖሮ ምሰሶው አይከተላትም ነበር። የኬሪ ቤት ውስጥ ገብታችሁ መደርደሪያውን ብታዩም የሎራ እናት ሣራ ፓልመር በራእይ ስታየው የነበረው ነጭ ፈረስ በትንሽ ምስል ተቀምጧል።

የከተማው ሆቴል ባለቤት ልጅ የሆነችው ኦድሪ ሆርን ላይ አድናቂዎች ይበልጥ ይስማማሉ፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን። በ1991 ባንክ ውስጥ በፈንጂ መሃል ትተናት፣ በ2017 ክፍል 12 ላይ ቻርሊ ከሚባል ሰው ጋር ስትጨቃጨቅ እናገኛታለን። ቢሊ የሚባል ሰው ጠፍቶባታል፤ ከቤት መውጣትም አቅቷታል። ክፍል 16 ላይ ሮድሃውስ ጭፈራ ቤት ትደርሳለች፤ አስተዋዋቂው «የኦድሪ ዳንስ» ብሎ ይጠራል፤ ትደንሳለች፤ ጠብ ይነሳል፤ ወዲያው በነጭ ክፍል ውስጥ መስታወት ፊት ሆና እናያታለን። «የኦድሪ ዳንስ» በ1990 በወጣው የድራማው ሙዚቃ አልበም ላይ ያለ ርዕስ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ያለ አስተዋዋቂ ሊያውቀው አይገባም። ስለዚህ ጭፈራ ቤቱ በከፊል የእሷ አእምሮ ነው የሚለው አሳማኝ ነው። ማጠናከሪያውን የሚፈልግ ክፍል 14 ላይ ሮድሃውስ የሚያወሩትን ሁለት ወጣት ሴቶች ያዳምጥ፤ ቢሊን ያነሳሉ፣ የአንደኛዋ እናት ስምም ቲና ነው፤ ኦድሪና ቻርሊ የሚጨቃጨቁባት ቲና። መላምቱ የማይችለው ነገር አንድ ነው፦ ኦድሪ ክፍል 13 ላይ በመንገዱ ዳር ስለምትኖር ትንሽ ልጅ ታሪክ ያነሳችውን አረፍተ ነገር ክፍል 18 ላይ በቀዩ ክፍል ያለው ዛፍ ቃል በቃል ይደግመዋል። በአንዲት ሴት አእምሮ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ወደዚያ እንዴት ተሻገረ? ይህ በእውነት ያልተፈታ ቋጠሮ ነው።

በ2019 የወጣ ከ4 ሰዓት በላይ የሚረዝም ቪዲዮ ያስፋፋው መላምት ደግሞ ድራማው ስለ ቴሌቪዥን ራሱ ነው ይላል፤ የሰውን ሥቃይ እንደ መዝናኛ ስለሚበላ ተመልካች። ክፍል 1 ላይ አንድ ወጣት ባዶ የመስታወት ሳጥን ፊት ተቀምጦ አንድ ነገር እስኪታይ ይጠብቃል፤ ክፍል 13 ላይ ሣራ ያንኑ የቦክስ ግጥሚያ ቁራጭ ደጋግማ ታያለች፤ ኤቢሲ ገዳዩ ቶሎ ይገለጥ ብሎ እንደጫናቸውም ይታወቃል። ጥሩ ንባብ ነው፤ ብዙ ምስሎችን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ችግሩ ሎራን ምሳሌ ማድረጉ ነው። ያቺ ልጅ በገዛ ቤቷ የደረሰባትን ግፍ ፊልሙ ያለ ርኅራኄ ካሳየን በኋላ «እሷ የቴሌቪዥን ተምሳሌት ናት» ማለት ከእሷ ላይ ዓይን ማንሳት ይሆናል።

ክፍል 17ና ክፍል 18 በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ሲጫወቱ ምስሎቻቸው ይገጣጠማሉ የሚሉ አድናቂዎችም አሉ፤ ለእነሱ አጭር የሙከራ ምክር እንስጥ። ሁለት ስክሪን ያስፈልጋል፤ የጣቢያው አርማ የሚታይበት ጊዜ በየማጫወቻው ስለሚለያይ መነሻው አርማው ሳይሆን የርዕስ ምስሉ የመጀመሪያ ፍሬም ይሁን፤ የአንዱ ድምፅ ይቀነስ። የሚገጣጠሙ ምስሎች በእርግጥ ይመጣሉ። ከዚያ ግን ክፍል 16ንና ክፍል 18ንም በዚሁ መንገድ አጫውታችሁ የሚገጣጠመውን ቁጠሩ። በሮች፣ መኪኖች፣ ረጅም ዝምታዎች በየክፍሉ ስላሉ ዓይን ግጥምጥሞሹን ራሱ ይፈጥረዋል። ይህን ሁለተኛ ሙከራ ሳይሠራ የተሰጠ ማስረጃ ሁሉ አይጠቅምም።

የማርክ ፍሮስት መጽሐፍ፣ በ2017 መጨረሻ የወጣው፣ ለአንዳንዱ ጥያቄ መልስ አለው። በ1956 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በክፍል 8 የምትታየው ክንፍ ያላት እንቁራሪት መሰል ፍጥረት አፏ የገባባት ልጅ ሣራ እንደሆነች ወደሚያሳምን ፍንጭ ይመራል፤ ኩፐር ያለፈውን ከለወጠ በኋላም በከተማው ጋዜጣ ሎራ ሞተች ሳይሆን ጠፋች ተብሎ እንደተጻፈ ያሳያል። መጽሐፉ ለክፍል 17 ጥሩ አጋዥ ነው። ለክፍል 18 ግን አንዳች አይጨምርም።

ድራማው በእውነት የሚወቀስበትም ቦታ አለ። በ1991 መጨረሻ የኩፐር ጥላ መስታወቱን በግንባሩ ሰብሮ እየሳቀ ስለ ኩፐር ፍቅረኛ ስለ አኒ ደህንነት ይጠይቃል፤ ተመልካቹ 26 ዓመት የጠበቀው ለዚህች ጥያቄ መልስ ነበር። አኒ ግን በ18ቱ ክፍሎች ውስጥ አንድም ጊዜ አትታይም። እጣ ፈንታዋን ማወቅ የሚፈልግ መጽሐፉን መግዛት አለበት። ይህን የሚያስውብ መላምት ብዙ ሰምተናል፤ አንዱም አላሳመነንም። ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ በርና የተረሳ ሰው አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ምዕራፍ መካከለኛ ክፍሎችም፣ ከሌላንድ ሞት በኋላ ያሉት፣ ይጎተታሉ። ሆኖም አይዘለሉ፤ የሜጀር ብሪግስ መጥፋትና የዋሻው ካርታ ያሉት እዚያ ነው። የሎራ ፍቅረኛ የነበረውን የጄምስን የሞተር ብስክሌት ጉዞ ብቻ በፍጥነት ማለፍ ይቻላል።

ታዲያ ፍጻሜውን የቱ ንባብ ይሸከመዋል? ለእኛ መነሻው ፊልሙ ነው። የሎራ የመጨረሻ ሌሊት የሽንፈት ሌሊት አልነበረም። ቦብ ሰውነቷን ሊወርስ ሲመጣ ከመንፈሶቹ ዓለም የመጣውን ቀለበት አጥልቃ እምቢ አለችው፤ ሞተች፤ ፊልሙ ሲዘጋም በቀዩ ክፍል ውስጥ መልአክ አይታ እያለቀሰች ትስቃለች። ኩፐር በ2017 ወደ ኋላ ሄዶ ሞቷን ሲሰርዝ ያንን እምቢታ ጭምር ነው የሰረዘው። ግፉ ግን አልተሰረዘም፤ በቤቱ ውስጥ የሆነው ሁሉ ከዚያ ሌሊት በፊት የሆነ ነውና። ኬሪ ፔጅን አስተውሏት። ኩፐር የአባቷን ስም ሲጠራ ምንም አይነካትም፤ «ሣራ» ሲል ግን ፊቷ ይለወጣል፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ትጠይቃለች። ስሟ ተቀይሯል፣ ከተማዋ ተቀይሯል፣ ሳሎኗ ውስጥ የተገደለ ሰው ተቀምጧል፤ ሥቃዩ ግን መንገዱን ጠብቆ ተከትሏታል። ጩኸቱ የትዝታ መመለስ ነው። በዚህ ንባብ የኩፐር ግራ መጋባት ቦታውን ያገኛል፤ ትሬመንድና ቻልፎንትም ያገኛሉ፤ ግራሞፎኑም የዕቅድ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። የሚቀርበት መብራቱ ነው። ጩኸቱ የትዝታ ብቻ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ምን አጠፋው? እዚያ ላይ የወጥመዱ መላምት ይበልጠናል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ድጋሚ ለማየት 48ቱን ክፍል መጀመር አያስፈልግም። የ1992ቱን ፊልም የመጨረሻ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ ክፍል 1 መክፈቻውን ብቻ፣ ክፍል 8ን ሙሉውን፣ ክፍል 14ን፣ ከዚያም 17ንና 18ን በተላለፉበት መንገድ፣ በአንድ ምሽት ሳያቋርጡ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚያይ ሰው ክፍል 7 ላይ ይቁም። ምክትል ሸሪፉ ሆክ በክፍል 6 ከመጸዳጃ ቤቱ በር ውስጥ ያወጣቸውን የሎራን ማስታወሻ ደብተር የተቀደዱ ገጾች ለሸሪፉ ያሳያል፤ አኒ በሕልም መጥታ የነገረቻት፣ መልካሙ ዴል ውስጥ ተይዞ መውጣት እንዳልቻለ የሚናገረው ቃል እዚያ ተጽፏል። ከአራቱ ገጾች የተገኙት ሦስት ናቸው። አራተኛው እስከ መጨረሻው አልተገኘም፤ ያነሳውም የለም።